የሽንፋው ግራኝ መርዶ

ባለፈው ዓመት፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ በሱዳኗ ገዳሪፍ በተደረገ ሠርግ ላይ፣ በቤታችን ለሞተ ሰው የተገጠመ ሙሾ ለጭፈራ ተዘፈነ። ከሙሾው አንድ ቃል ተለውጦ ነበር፤ የተለወጠው የወንዝ ስም ነው። በዚያ ለውጥ ምክንያት በጓንግ ወንዝ ዳር የምትኖር እናት በሕይወት ላለ ልጇ ጠጉሯን ተላጨች፤ በሽንፋ ወንዝ ዳር የምትኖር ሌላ እናት ደግሞ የሞተ ልጇን እስከ ዛሬ ደጅ ደጁን እያየች ትጠብቃለች። ቃሉን የለወጠው አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የሙዚቃ አቀናባሪ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ እርሱ ራሱን ያውቃል። የሌላም ሰው ስም አልጽፍም።

ሙሾ በእኛ ዘንድ ምን እንደ ሆነ ያላወቀ ሰው ይህን በደል ተራ ነገር አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። አቀናባሪውም ያለፈው እንዲያ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከአክስቴ እጀምራለሁ።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እቴቴ እላታለሁ። እጄን ይዛ ከመተማ ወደ ገላባት ያሻገረችኝ ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው። እናትና አባቴን ባንድ ክረምት ወባ ወስዶብኝ ነበር፤ እርሷም ከባሏ ተፋትታ ነበር፤ ሁለታችንንም ወዲያ ማዶ የሚያቆየን አልነበረም። ቁረይሻ በሚባል የሱዳን የእርሻ ቦታ፣ ሰሊጥ ለማጨድ ከጎንደር ቆላ ለሚወርዱ የወቅት ሠራተኞች ምግብ ታበስል ጀመር። ሳሉግ ይባላሉ። ሳሉግ በእናት አባቱ ስም አይጠራም፤ በወንዙ፣ በቁመቱ፣ በአሳሳቁ ይጠራል። የአንገረብ ረጅሙ፣ የአርማጭሆ ዲያቆኑ፣ ሸውራራው። አብሮት ሁለት ወቅት ያጨደ ጓደኛው እንኳ የክርስትና ስሙን ላያውቅ ይችላል። ሲሞትም በዚያው መጠሪያው ይሞታል።

እንዲህ ያለ ሰው በእርሻ ላይ ሲሞት አክስቴ ሙሾ ትገጥምለት ነበር። ወቅቱ አልቆ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ከሟቹ አካባቢ የሆነ የወንዙ ልጅ ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል፤ የሟቹን ልብስና ሙሾውን። መንደሩ ሲደርስ በቀጥታ ወደ እናቲቱ አይሄድም። ሽማግሌዎችን ይጠራል። ማለዳ ልብሱ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ሙሾው ይባላል። ሙሾው ወንዙንና ምልክቱን ስለሚናገር የማን ልጅ እንደ ሞተ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም፤ መርዶው እርሱ ነው። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ያ ግጥም አይደገምም። ለሌላ ሰውም አይውልም።

አክስቴ ስትገጥም አታለቅስም። ሽንኩርት እየከተፈች ትገጥማለች፤ ዓይኗ ቢያነባ ምክንያት እንዲኖረው ይመስለኛል። ስንኙ ሲሞላላት ቢላዋውን አስቀምጣ፣ “ነይ፣ በይው እስኪ” ትለኛለች። እኔ እደግመዋለሁ። ምላሴ ከተደናቀፈ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የቃሉ ነው። “ጉሮሮ ይቧጭራል። የአጃ ቂጣ ነው” ትልና ታወጣዋለች። ኋላ በካርቱም ስለ ግጥም ብዙ ዓመት ተማርሁ፤ ማዕረግም አገኘሁ። ከዚያ ፈተና የሚበልጥ ፈተና ግን ማንም አልሰጠኝም።

ክራሬን የሠራልኝ አንድ አርማጭሆዬ ሳሉግ ነው። ገላው የዘይት ቆርቆሮ፣ ጅማቱ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነበር። ሌሎቹ ወጥ ሠሪዎች ደስ አላላቸውም።

“ክራር የምትመታ ሴት ማን ያገባታል?” አለች አንዷ።

“ክራር ከባል ይሻላል” አለች አክስቴ ወጧን እያማሰለች። “ክራር የሚጮኸው ሲነኩት ብቻ ነው።”

ከዚያ በኋላ ስለ ክራሩ የተናገረ ሰው አላስታውስም።

ገዳሪፍ ስንገባ በዐረብኛ ትምህርት ቤት አስገባችኝ፤ የአማርኛ ፊደል ደግሞ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ከአንድ ዲያቆን ተማርሁ። ካርቱም ሄጄ በቀን ሥነ ጽሑፍ ተማርሁ፤ ማታ ማታ ለሐበሻውም ለሱዳኑም ሠርግ ክራር መታሁ። ሁለት ልብ ወለድ ጻፍሁ፤ ሁለቱም በአማርኛ ናቸው፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ታተሙ። የካርቱም ወዳጆቼ ለምን በዐረብኛ እንደማልጽፍ ጠየቁኝ። አንድ የአዲስ አበባ ሐያሲ ደግሞ አማርኛዬ ዐረብኛ ዐረብኛ ይሸታል ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ገጹን ሳይሆን መታወቂያዬን አነበቡ። በሙሉ ልብ የሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ማንበብ አይችልም። ለዕረፍት ገዳሪፍ በመጣሁ ቁጥር ለአክስቴ ምዕራፍ በምዕራፍ አነብላት ነበር። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጨርሼ ስዘጋው፣

“አንቺ፣ ያ ደግ ሰውዬ ምን አድርጎሽ ነው የገደልሽው?” አለችኝ።

“ታሪኩ ይጠይቃል፣ እቴቴ።”

“ታሪኩ ይጠይቃል! እኔ የገጠምሁላቸውን ሁሉ የገደላቸው እግዜር ነው። አንቺ ራስሽ ገድለሽ፣ ራስሽ ታለቅሻለሽ።”

ስለ መጽሐፌ ከተባለው ሁሉ ያልረሳሁት ትችት ይህ ነው።

የካርቱም ጦርነት ሲነሣ ክራሬን ይዤ፣ መጽሐፎቼንና የሦስተኛውን ልብ ወለድ ረቂቅ ትቼ ወደ ገዳሪፍ ተመለስሁ። አክስቴ ለእርሻ ሠራተኞች ማብሰሉን ትታ ከተማ ውስጥ በሁለት ክፍል ቤት ትኖር ነበር፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። በሩን ከፍቼ ስገባ በኮቴዬ አወቀችኝ።

“ምሳ በልተሻል?” አለች። ስለ ጦርነቱ የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው። አብረን መኖር ጀመርን፤ እንደ ልጅነቴ ዐልጋችን ጎን ለጎን ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ከተሰደድሁበት ሁሉ የተመቸኝ ስደት ያ ነው።

ከዚያ በአንድ ኅዳር፣ ከቁረይሻ በትራክተር ተጎታች አንድ ሕመምተኛ አመጡልን። ያመጡት ሰዎች ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ፤ የሚያውቁት “የሽንፋው ግራኝ” ብለው ብቻ ነው። ልብሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ በሰው ጀላቢያ ተጠቅልሏል። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነበር፤ አልፎ አልፎ ግን ይነቃል። ሲነቃ ደግሞ ተጫዋች ሰው ነው። አክስቴ ውኃ ስትሰጠው በግራ እጁ ተቀበለ።

“በቀኝህ!” ብላ እጁን መታ አደረገችው። “በቤቴ በግራ አይጠጣም።”

“እማማ፣ ቀኙ ሰነፍ ነው። እንግዳ ፊት አላቀርበውም” አላት።

አክስቴ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲያ በግራው ሲጠጣ አልተናገረችውም። ቤታቸው ከሽንፋ ዳር እንደ ሆነ፣ እናቱ ሌላ ወንድ ልጅ እንደሌላት፣ ሰሊጥ በግራ ሲታጨድ ነዶው ወደ ተቃራኒ ስለሚወድቅ ጓደኞቹ እንደሚረግሙት አጫወተን። ሐኪም መጣ፤ መድኃኒቱ ግን ዘግይቷል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በመካከላችን ዐረፈ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበርነው። አክስቴ ሽንኩርት ጠየቀችኝ፤ ከተፈች፤ እንዲህም አለች፦

ከሽንፋ ዳር መጥቶ በግራ እጁ ያጭዳል፣
ሰሊጥ ቆሞ ሳለ እሱ አፈር ይወርዳል።

ደገምሁት። ምላሴ አልተደናቀፈም።

በዚያ ዓመት ግን ከመተማ ማዶ ያለው መንገድ በውጊያ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ወቅቱ አለቀ፤ ወደ ሽንፋ የሚሄድ አንድም ሰው አልተገኘም። የሚላክ ልብስም የለም። መርዶው እጃችን ላይ ቀረ። ሙሾ ሳይደርስ ሲቀር አክስቴ እንቅልፍ አትተኛም፤ አደራ ነውና።

አቀናባሪው ከዚያ በፊት በኢንተርኔት የሚያሰራጫቸውን የክራር ዜማዎች እንድልክለት ደጋግሞ ጠይቆኝ ነበር። ይህን ለአክስቴ ብነግራት አሰበች።

“ይህ የምትዪው ነገር ሽንፋ ድረስ ይሰማል?”

“ስልክ ባለበት ሁሉ ይሰማል።”

“እንግዲያ ልጁን ላኪው።”

በቤታችን ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ጩኸቱ እንዳይገባ ማራገቢያውን አጥፍተን፣ ላቤ ክራሩ ላይ እየተንጠባጠበ ሙሾውን ቀዳሁት። አቀናባሪውንም በስልክ፣ “ይህ ዘፈን አይደለም፤ መርዶ ነው። ወንዙ ምልክት ነው። አንድ ቃል እንዳይነካ” አልሁት። “እሺ እህቴ፣ ቃል በቃል” አለኝ። መልሱን ዛሬም እንደ ሰማሁት አስታውሰዋለሁ።

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ አክስቴን ደግፌ ወደ ጎረቤት ሠርግ ወሰድኋት። ድንኳኑ ውስጥ ሳህኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከድምፅ ማጉያው አስቀድሞ የመጣው የእኔ ክራር ነው። ቀጥሎ ከበሮ ገባ። ቀጥሎ የማላውቃት ወጣት ሴት ድምፅ፣ “ከጓንግ ዳር መጥቶ” አለች። ድንኳኑ ሙሉ ተነሣ፤ ትከሻ ተሰበቀ።

“ይቺ ክራር ያንቺ ናት” አለች አክስቴ።

“ናት።”

“ከበሮው?”

“አይደለም።”

“ልጅቷ ጓንግ ነው ያለች?”

“ጓንግ ነው ያለች፣ እቴቴ።”

ሳህኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች አንዲት ሚዜ መጥታ፣ እንደ ሱዳኖቹ አክስት እያለች፣ ክንዷን ሳበቻት፤ “ያ ኻልቲ፣ ተነሺ እንጂ! ወላሂ ሳትጨፍሪ አትሄጅም!”

“ልጄ፣ ሰው ሞቶ ነው” አለቻት።

“ማን ሞተ?”

“የምትጨፍሪበት።”

ሚዜዋ ከት ብላ ሳቀች። “ኻልቲ እኮ ቀልድ ታውቃለች!” ብላ ወደ ጭፈራው ተመለሰች።

በማግሥቱ ለአቀናባሪው ደወልሁለት።

“እህቴ፣ ሰማሽው? ሕዝቡ እኮ አበደበት!” አለኝ።

“ወንዙን ለምን ለወጡት?”

“ሽንፋ ለምቱ አልመች አለኝ። ጓንግ ሲሆን አንዲት ክፍተት ትተርፋለች፤ ከበሮው እሷ ላይ ያርፋል። ደግሞስ ወንዝ ወንዝ ነው።”

ስለ ምቱ ልክ ነው። ጓንግ ከሽንፋ በአንድ ድምፅ ያጥራል፤ ክፍተት ይተዋል። የተናገረው እውነት ይህ ብቻ ስለ ሆነ አልነፍገውም።

በግንቦት፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ አንድ የገላባት ነጋዴ መጣ። ጨርቅና ሳሙና እየነገደ ወዲህም ወዲያም የሚመላለስ፣ አክስቴን ከቁረይሻ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቃት እስላም ሽማግሌ ነው። ገብቶ እንደ ተቀመጠ፣ “ለጓንጉ ግራኝ አላህ ይዘንለት” አለ።

“ሐጂ፣ የጓንግ ግራኝ አልሞተም” አለች አክስቴ።

“እንዴት አልሞተም? ሙሾሽ መጥቷል እኮ! እናቱ ትቶት የሄደውን ልብስ ዘርግታ አልቅሳለች። ጠጉሯን ተላጭታለች። ሁለት ወቅት ወሬው ጠፍቶባት ነበር፤ ስንኙን ስትሰማ ‘የእርሷ ግጥም ነው፤ እርሷ ደግሞ አትዋሽም’ አለች።”

አክስቴ ያን ልጅ ታውቀዋለች፤ ከድስቷ በልቷል። እርሱም ግራኝ ነው፤ እርሱም ለእናቱ አንድ ነው። ከእርሻው ወጥቶ ፋው ከተማ ገበያ ጫኝና አውራጅ ሆኗል ሲባል ሰምታ ነበር። በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ፋው ወረድሁ። በገበያው ጀርባ የሽንኩርት ጆንያ በግራ ትከሻው ተሸክሞ አገኘሁት።

“የጓንጉ ግራኝ አንተ ነህ?”

“ነኝ። ማን ፈለገኝ?”

“ከእቴቴ ዘንድ ነው የመጣሁት። እናትህ አልቅሳልሃለች።”

“ስለ ምን?”

“ሞተሃል።”

ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ “ሰማህ አይደል? ከዛሬ ጀምሮ ጆንያህን ራስህ ተሸከም” አለው። ተሳሳቁ። ነገሩን ከመጀመሪያው ስነግረው ጆንያውን አውርዶ በላዩ ተቀመጠ። “ያቺ የከበሮዋ ዘፈን? እኔ እኮ ጨፍሬባታለሁ” አለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። “ጠጉሯን ተላጨች?”

“ተላጭታለች።”

ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ከነጋዴው ጋር ተሻገረ። ለተዝካር የተጠመቀው ጠላ ለደስታ ተጠጣ አሉ። እናቲቱ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ እስኪመሽ አለቀቀችውም አሉ። አክስቴ ይህን ስትሰማ እንደ ሕፃን እጇን አጨበጨበች፤ ወዲያው ግን፣ “ሽንፋስ?” አለች።

ክረምቱ እንዳለፈ ነጋዴው ትክክለኛውን ሙሾ በቃሉ አጥንቶ ወደ ሽንፋ ሄደ። ሲመለስ ከበሩ ላይ ቆሞ ለመግባት አመነታ።

“ሽማግሌዎቹን ሰበሰብሁ” አለን። “‘ከሽንፋ ዳር መጥቶ’ ስል ልጆቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። አንዱ ጎረምሳ ጀሪካን መታ። ዘፈኑን ያውቁታላ! የኛን ወንዝ አስገባበት ብለው ደስ አላቸው። እናትዮዋም በደጇ ሆና አጨበጨበች።”

አክስቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“ተውሁት” አለ። “ሽማግሌዎቹን ለብቻ ወስጄ በንግግር ነገርኋቸው። ‘ሲሞት አይተሃል?’ አሉኝ። አላየሁም። ‘ልብሱስ?’ የለም። ‘የጓንጉም ሞተ ተብሎ ተነሥቷል፤ የእኛም ይነሣል። መጀመሪያ ጓንግ ያለው ሰው ራሱ ሽንፋ ነው ይበል፤ ያን ጊዜ እናለቅሳለን’ አሉኝ።”

ከጀላቢያው ኪስ አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ አወጣ። በሶ ነበር። እናቲቱ “ለልጄ” ብላ የላከችው ነው።

እኔ ራሴ ሄጄ እንዳልመሰክር፣ ድንበሩን ከተሻገርሁ የመመለሻ ወረቀት የለኝም፤ ዓይነ ስውር ልትሆን የተቃረበችው አክስቴ ደግሞ ከእኔ ሌላ ውኃ የሚያቀብላት የለም። እርሷ ራሷ እንዳትሄድ ጉልበቷ ከበሩ አያልፍም። ሲሞት ያየነው ሁለታችን ብቻ ነን። ለአቀናባሪው ይህን ሁሉ ጽፌ ላክሁ። የመለሰልኝ የልብ ሥዕልና “ሁለተኛውን ክፍል እየሠራን ነው” የሚል ቃል ነው።

ጥር ላይ ሁለት ሳሉጎች የአንድ ጓደኛቸውን ልብስ ይዘው መጡ፤ እርሷ እንድትገጥምለት። አክስቴ ልብሱን በእጇ ዳሰሰችው፤ አጣጥፋ መለሰችላቸው።

“ወደ ሌላ ሂዱ፣ ልጆቼ” አለች። “የእኔ ቃል ዘፈን ሆኗል። ማንም አያምነኝም።”

“እማማ፣ ካንቺ ሌላ ማን አለ?” አለ አንዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሽንኩርቱን የምከትፈው እኔ ነኝ። የሽንፋዋ እናት በሶ ካንጠለጠልንበት አልወረደም፤ አክስቴ ልትጥለውም፣ ልትበላውም፣ ለሰው ልትሰጠውም አልቻለችም።

አሁን ደግሞ ግንቦት ነው። ነጋዴው ዝናቡ ሳይጀምር አንድ ጊዜ ብቻ ይሻገራል። ስለዚህ ለአቀናባሪው፣ ለእርስዎ፣ የምጠይቀው ይቅርታ አይደለም፤ የዘፈኑ ትርፍም አይደለም። ዘፈኑን ካሰራጩበት ሁሉ አውርደው፣ በዚያው ቦታ፣ በራስዎ ድምፅ፣ ያለ ከበሮ፣ “ይህ መርዶ ነው፤ ወንዙ ሽንፋ ነው፤ የለወጥሁት እኔ ነኝ” ይላሉ ወይስ አይሉም? ነጋዴው ሳይነሣ “አዎ” ወይም “አይ” ብለው ይመልሱልኝ። ሌላ ቃል አይጨምሩበት።